በሁለቱ ሮለሮች መካከል

ጥቅምት ላይ ሲሬ ከሚኒባስ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ ነው። ዘንድሮ ግን እኔ ስወርድ ሌላ ሽታ ቀደመኝ፤ የታጨደ ሣር። እንዴት እንደምገልጸው እንጃ። በማጭድ የታጨደ ሣር ቀለል ያለ ሽታ አለው፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ይኼኛው ግን ከበድ ያለ፣ እርጥብ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ዓይነት ነው። አገዳው ተጨፍልቆ ውስጡ ያለው ውኃ ሲወጣ ነው እንዲህ የሚሸተው። ይህን ሽታ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸተትኩት ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ነው። አስፋልቱ ዳር ቦርሳዬን ይዤ ቆምኩ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «አባባ፣ ነቀምቴ አይደል እንዴ የሚሄዱት? ተሳስተው እንዳይሆን የወረዱት?» አለኝ። አልተሳሳትኩም አልኩት። «ታዲያ ምን ቆመው ይጠብቃሉ?» እያሸተትኩ መሆኑን ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ በእጄ ሸኘሁት።

ኢተፋ ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር ማለት አለብኝ፤ ገና አልለመድኩትም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነቀምቴ ጨለለቂ ባለው ቤቱ ዐረፈ። እኔ ባኮ ትንሽ ወፍጮ ቤት አለኝ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ በዚህ ምክንያት ባለፉት ዓመታት ብዙውን ጊዜ የምንገናኘው በስልክ ነበር። በስልክ ደግሞ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ድሮ ሥራ አይወራም። ልጠይቀው የሚገባኝ ነገር ሁሉ ተራ በተራ የመጣብኝ ከሞተ በኋላ ነው። ትልልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለምሳሌ ያን የሣር ማጨጃ ማሽን እንዴት አድርጎ እንደሚያስተካክለው። ስንት ዓመት አብረን ሠርተንበት እኔ አላውቅም። ከቀብሩ ስመለስ መኪና ውስጥ ሳስብ የመጣሁት ይህንን ነው። ሰው ቢሰማኝ ይታዘበኝ ይሆናል።

የኢተፋ ልጅ ሃዊ ሲሬ ላይ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ሆና የወተት ላሞች ታረባለች። ሲሬ በመጣሁበት ዋዜማ ደወለችልኝ። «ዋሲላ» አለችኝ፤ የአባት ወንድም በእኛ ዘንድ እንዲህ ይባላል። «ዋሲላ፣ የድሮውን ማጨጃ እኮ አስነሣነው። እናንተ የሠራችሁበትን። ከከብት እርባታው አሮጌ ግቢ ጎትተን አወጣነው።»

«ያጭዳል?»

«ማጨዱንማ ያጭዳል። ሣሩ ነው አልደርቅ ያለው። ሮለሩ ነው መሰለኝ። አባዬ ቢኖር...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ከዚያ «እርስዎ ያውቁታል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እመጣለሁ አልኳት። አውቀዋለሁ አላልኩም።

ማሽኑን ላላየ ሰው ላስረዳ። ከትራክተር ኋላ ይታሰራል። ከታች ያለው ስለት ሣሩን ያጭዳል። የታጨደው ሣር ወዲያው ጎማ በለበሱ ሁለት ረጃጅም ሮለሮች መካከል ያልፋል። ሮለሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድመው በተቃራኒ ይዞራሉ፤ የጎማው ጥርስ እንደተጠላለፈ ጣት ይገባባል እንጂ አይነካካም። ሥራቸው አገዳውን ሰበር ሰበር ማድረግ ነው። ቅጠል ቶሎ ይደርቃል፤ አገዳ ግን ውኃውን ይዞ ይቆያል። ከተሰበረ ግን ከቅጠሉ እኩል ይደርቃል። ወለጋ ደግሞ ዝናቡ ጥቅምትንም አይምርም፤ ፀሐይ ስትወጣ የተገኘችውን ቀን መጠቀም ነው። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው ክፍተቱ ላይ ነው፤ እሱን ብሎን ይወስነዋል፣ ሮለሮቹን እርስ በርስ የሚጫናቸው ደግሞ ሞላ ነው። ሮለሮቹ ከተራራቁ አገዳው ሳይሰበር ያልፋል። ከተጠጋጉ ደግሞ ቅጠሉን ይቦጭቁታል፤ በተለይ ከሣሩ ጋር የሚበቅለውን ባለ ሦስት ቅጠል ለስላሳ ተክል፣ ማገጥን። ላም አጥብቃ የምትወደው እሱን ነው፤ እሱ ዱቄት ሆኖ መሬት ላይ ይቀራል።

እኔና ኢተፋ የሠራንበት የከብት እርባታ ከሲሬ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ስቀመጥ፣ እዚያ መካኒክ የነበረው ኢተፋ ትራክተር መንዳት አስተምሮ አስቀጠረኝ። ሰማያዊ ቱታ ተሰጠን። ቱታው ለሁሉም በአንድ ልክ የተሰፋ ስለነበር እኔ እጅጌውን እጠቀልላለሁ፣ እሱ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል። ቅዳሜ ሲሆን ቱታውን አውልቀን፣ እግሩ ሰፊ የሆነውን ሱሪና ኮሌታው ትከሻ የሚደርሰውን ሸሚዝ ለብሰን ነቀምቴ እንሄዳለን። መናኸሪያው ጥግ አንድ ካሴት ቤት ነበር። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ የኦሮምኛውን ዘፈን ሲለቀው፣ ጫማ የሚያስጠርጉ ሰዎች እግራቸው ሳያውቁት ይንቀሳቀሳል፤ ጠራጊው «ኧረ እግርዎን ያሳርፉልኝ!» እያለ ይጮኻል። ካሴት ቤቱ አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል፤ ጥጉ ግን ያው ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው አሁንም እዚያው ነው የሚጠለለው። ከጎኑ በስሙኒ ሻይ የሚጠጣበት ቤት ነበር። ቦምቦሊኖው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ከዘይቱ ብዛት የጋዜጣው ፊደል ቦምቦሊኖው ላይ ይታተማል። ኢተፋ አዟዙሮ ያነበዋል። «ዛሬ ዜናው ጣፋጭ ነው» ይለኝና ይገምጠዋል።

ሥራ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር። እኔ መሪው ላይ ነኝ፤ እሱ ማሽኑን በእግሩ ይከተላል። አንድ ሕግ ነበረው፤ ሹፌር ወደ ኋላ አያይም። «አንገትህ ሲዞር እጅህም ይዞራል። መስመሩ ተጣሞ ነገ ሣሩን የሚሰበስቡት ይሰድቡሃል» ይለኛል። ስለዚህ ሜዳው ጫፍ ያለውን ዋንዛ እያየሁ እነዳለሁ። ከኋላዬ የሚመጣው ሁለት ቃል ነው። «ሱታ!» ሲል ቀስ አደርጋለሁ፤ «ገኤ!» ሲል፣ በቃ ማለቱ ነው፣ ቆሜ ሞተሩን አጠፋለሁ። ከዚያ ጎኔ መጥቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ እጁን ይዘረጋል። የትራክተሩን ቁልፍ ነቅዬ እሰጠዋለሁ። ደረት ኪሱ ይከተዋል። ቁልፉ ኪሱ ሳይገባ እጁ ሮለሩ ውስጥ አይገባም። ወንድሙ ነኝ፤ ያም ሆኖ አንድ ቀን እንኳ «ተወው፣ አንተው ጋ ይሁን» ብሎኝ አያውቅም። ቀጥሎ የመፍቻ ድምፅ ይሰማል። ምኑን ያጠብቃል፣ ምኑን ያላላል፣ ሣሩን አንስቶ ምን ያያል፤ እንጃ። ያቺ የእኔ እረፍት ነበረች፤ ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ አሸልባለሁ። ቀስቅሶኝ እንደገና ስነዳ ድምፁ ተለውጦ እሰማለሁ። ድምፁን አሁንም አውቀዋለሁ። ወፍጮዬን የምሰማው በዚያው ጆሮ ነው።

በዓይኔ ያየሁት ነገር ቢኖር የሲጋራ ወረቀቱን ነው። ፓኮው ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ማለቴ ነው። ኢተፋ እሱን ጠቅልሎ ሮለሮቹ መካከል ይሰካና በእጁ ያዞራቸዋል። ወረቀቱ ተጠፍጥፎ ሲወጣ፣ ውፍረቱ የክፍተቱ ልክ ነው። ግራ ጫፍ ላይ አንድ፣ ቀኝ ጫፍ ላይ አንድ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ችግሩ፣ ኢተፋ አያጨስም፣ አይጠጣም፣ እሑድ ከመዘምራን ጋር ነው የሚቆመው። ቅዳሜ ግን ነቀምቴ ላይ ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ጎንበስ እያለ የተጣለ ፓኮ ይለቅማል። አገሩ ደግሞ ጴንጤ የሞላበት ነው፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሲሬ ደረሰ። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ተቀምጬ ነበር።

«ኢተፋ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉት አንደኛው።

«ምኑ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ሰው አይቶሃል።»

«ኧረ እኔ ባዶውን ነው የማነሣው!»

«ልጄ፣ ባዶ የሚሆነው እኮ ሙሉ ከነበረ በኋላ ነው» አሉ ሁለተኛው፣ ከልባቸው አዝነው።

ማስረዳት ሲያቅተው ሜዳው ድረስ ወስዶ ሮለሩን አሳያቸው። ብሎኑን እያስነካ፣ ወረቀቱን እያሳየ። ሁለተኛውን ሽማግሌ በጣም ገረማቸው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ራሳቸው መንገድ ላይ ያገኙትን ፓኮ ኮታቸው ውስጥ ደብቀው ያመጡለት ነበር። እሳቸውንም ሰው ሳያያቸው የቀረ አይመስለኝም።

ሃዊ ሜዳው ዳር ጠበቀችኝ። ቁመቷ የእሱ ነው፤ ሱሪዋ እሷም ላይ አጥሯል። «አከም ጅርቱ፣ ዋሲላ» ብላ ትከሻዬን ሳመችኝና ብዙ ሳታወራ ወደ ሣሩ ወሰደችኝ። ማሽኑ ቀዩ ቀለሙ ወደ ቡኒ ሄዷል እንጂ እሱ ራሱ ነው። ከጎኑ አዴ በሻቱ፣ እትዬ በሻቱ እንደማለት ነው፣ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። በእኛ ጊዜ የእርባታው ላም አላቢ ነበሩ፤ አሁን የወጣቶቹን ላሞች እያዩ ይመክሯቸዋል።

«ቶሌራ! እንዴት ነው እንዲህ ያረጀኸው?» አሉኝ። «እኔን ልትቀድመኝ ነው እንዴ?»

«እርስዎን ማን ይቀድማል፣ አዴ!»

ሃዊ ከመስመሩ ሣር አንስታ አሳየችኝ። የማሽኑ ግራ ባለፈበት በኩል አገዳው እንዳለ ነው፤ ምንም አልነካውም። ቀኙ ባለፈበት በኩል ደግሞ ጠቁሮ፣ ተቦጫጭቆ፣ እንደ ተፈጨ ነገር ሆኗል። «መጀመሪያ ሣሩ እየተንሸራተተ አልገባ አለ» አለችኝ። «ሞላውን አጠበቅን። ትንሽ ገባ። ደግመን አጠበቅን። ከዚያ በአንድ ጎን መፍጨት ጀመረ።» ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከሰሜን በኩል ደመና ተነሥቷል። «ይህ ያጨድነው እንኳ ትንሹ ነው፤ ዋናው ገና ቆሟል። በእነዚህ ቀናት አጭደን ካላደረቅነው የበጋ መኖ የለንም። ላሞቹን መሸጥ ነው።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። እሱም እንዲህ ነበር፤ ሲጨነቅ ድምፁ አይለወጥም።

የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ቢያንስ ልየው ብዬ ቁልፉ መነቀሉን ጠይቄ፣ ተንበርክኬ አንገቴን ወደ ሮለሮቹ አስገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ አየኋቸው። ጥርሳቸው ጠመዝማዛ ነው፤ ይህንንም አላውቅም ነበር። ዝገት ሸተተኝ፣ ጎማ ሸተተኝ፣ ሣር ሸተተኝ። ከነዚህ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ። ደጋግሜ ሳብኩት። ቅቤ ነው።

ማሽኑ ገና እርባታው የመጣ ዕለት ትዝ አለኝ። አዲስ ነገር ሲመጣ ግንባሩ ቅቤ ይቀባል፣ ለምለም ሣር ይደረግበታል፤ ይመረቃል። የማሽን ግንባር የቱ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ማን ምን እንዳለ ረስቼዋለሁ። ያን ቀን ሥራ ስንጀምር ሮለሩ ሲግል ሜዳው ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ፤ ሰዉ ሁሉ ምሳ ሳይደርስ ራበው። ሣሩ ግን እየተንሸራተተ አልገባ አለ። ኢተፋ አጠበቀ፣ አጠበቀ፤ «ገኤ» ሲል፣ እንደገና ሲያጠብቅ ዋለ። በማግስቱ ስነዳ ሽታው የለም፤ ማሽኑ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይቦጫጭቃል። ሁሉንም ብሎን አላልቶ፣ እንደ አዲስ በወረቀቱ ጀመረ። በሁለቱ ቀናት መካከል ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

«አዴ በሻቱ» አልኩ ቀና ብዬ፤ «ይህን ማሽን ቅቤ ቀብተውታል?»

«ታዲያስ! ሳይመረቅ ሊሠራ ነው? ያን ጊዜም እኮ የቀባሁት እኔ ነኝ። ቀንቷችሁ አልነበር?»

«የት ላይ ነው የቀቡት?»

«ፊቱ ላይ ነዋ!» በጃንጥላቸው ጫፍ ሮለሮቹን አሳዩኝ። «የሚበላው በዚህ አይደል?»

ሃዊ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። እኔ ግን ሌላ ነገር ማወቅ ፈለግሁ። «ያን ጊዜ ኢተፋ ምን አለዎት?»

«ምን ይለኛል? አመሰገነኝ። በማግስቱ ማልዶ ደጄ መጣና ሳሙና አለሽ ወይ አለኝ። ሙቅ ውኃም ለመነኝ። ልጃገረድ ሊያይ ነው ብዬ ትልቁን የልብስ ሳሙና ሰጠሁት። ለአላቢዎቹ ሁሉ ኢተፋ ሊያገባ ነው ብዬ አወራሁ። እሱ ደግሞ ማታ ሳሙናውን ሲመልስ ጥፍር ታህል ቀርታ ነበር። ኧረ ይሄ ልጅ ምን ያህል ቢቆሽሽ ነው ብዬ...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ሮለሮቹን አዩ። ጣታቸውን ሰደው ጎማውን ነኩና አሸተቱት።

«ሳሙናዬን!» አሉ። «በራሴ ሳሙና የራሴን ቅቤ!» ሳቁ። ጃንጥላቸውን ጥለው መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ። ሃዊም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁ አይመስለኝም። ከዚያ አዴ በሻቱ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ይህን ሁሉ ዘመን አልነገረኝም እኮ» አሉ። «እንዳላፍር ነው። አየህ፣ እንዳላፍር ብሎ። ቢነግረኝ ኖሮ ዘንድሮ ልጁን አላስቸግራትም ነበር።»

እኔም እንደ እሱ ነገሩን ልሸፋፍነው ይገባኝ ነበር ይሆናል። ግን ከእኛ በኋላ ይህን ማሽን የሚነዳ ሰው ይኖራል። የትራክተሩን አፍንጫ በእጄ መታ መታ አደረግሁ። «አዴ፣ ግንባሩ ይኼ ነው። ከርሞ እዚህ ይቀቡት። ብረት ቅቤ አይጎዳውም።»

«እዚህ?» ብለው ዞረው አዩት። «ደህና ግንባር ነው» አሉ። ተነሥተው ሳሙና ሊያመጡ ሄዱ። ሙቅ ውኃውን እኔ ራሴ ነኝ የምጥደው አሉ።

ሮለሮቹን በሳሙናና በብሩሽ፣ ጥርስ በጥርስ አጠብናቸው። ቅቤው ግራ ጫፍ ላይ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ተጋግሮ ነበር፤ በዚያ በኩል የተንሸራተተው ለዚያ ነው። ሃዊ የጠበቀውን ሁሉ አላላች። ወረቀቱን ስነግራት ከኪሷ ማስቲካ አወጣች። «አባዬ ትንሽ ሆኜ ማስቲካዬን ልጦ ወረቀቷን ይወስድብኝ ነበር» አለች። «ለዚህ ነው?» የማስቲካ ወረቀት! ያን ዘመን ቢያስበው ከስንት ሐሜት ይድን ነበር። ደርባ ደርባ ጠቀለለችው፤ ግራና ቀኝ ሰካችው፤ በእጃችን አዞርናቸው። የወጡትን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ በጥፍሯ እየዳሰሰች፣ እኩል እስኪሆኑ ብሎኑን መለሰች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነበር የማላውቀው። ክፍተቱ እኩል ሆነ፤ ግን ለዚህ ሣር፣ ለዚህ እርጥበት፣ ሞላው ምን ያህል ይጥበቅ? ከወጣቶቹ አንዱ ነዳ፤ እኔ እንደ ኢተፋ ከኋላ ተከተልኩ። ምንም አልሰማ አለኝ። ከኋላ ሆኖ ሲሰማ ሁሉም ጩኸት ነው።

«ዋሲላ፣ ልክ ነው?» አለችኝ ሃዊ።

«እንጃ» አልኩ። «እኔ ከፊት ነው የማውቀው።»

ልጁን አስወርጄ ወጣሁ። ጉልበቴ ትንሽ አስቸገረኝ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ዋንዛው እዚያው ነው፤ ሰፍቷል። አስነሥቼ ነዳሁ። ጀርባዬ ገና ጥቂት እንደሄድኩ አወቀው፤ ከባድ ነው፣ ያጉረመርማል። ጠብቋል። ቆሜ ሞተሩን አጠፋሁ። ሃዊ ጎኔ መጣች። መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ እጇን ዘረጋች።

ማን አስተማራት ብዬ አልጠየቅኳትም። ቁልፉን ሰጠኋት፤ ደረት ኪሷ ከተተችው። ከኋላዬ የመፍቻ ድምፅ መጣ። ዋንዛውን እያየሁ ጠበቅሁ። አሁን አልተኛሁም።

እንደገና ነዳሁ። አሁን ደግሞ ቀለለ፤ ሣሩ እንዲሁ ይንሸራተታል። ቆምኩ፤ ቁልፉን ሰጠሁ፤ ትንሽ አጠበቀች። ቀጥሎ ስነዳ ከሞተሩ ድምፅ ሥር ያ ድምፅ መጣ። ሰው የማሽላ አገዳ በጣቱ እየሰበረ የሚሄድ ይመስላል፤ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከግራም ከቀኝም እኩል። ያው ነው። ልክ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ «ገኤ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን እሷ በዓይኗ አይታዋለች ማለት ነው። ምን አየች? ኢተፋ ያኔ ምን ያይ ነበር? መቆም ነበረብኝ፤ ግን እግሬ ሳይታዘዘኝ አንገቴ ዞረ።

ሃዊ መስመሩ መካከል ቆማለች። አንድ አገዳ በጫፉ ይዛ አንጠልጥላዋለች። አገዳው ቀጥ ብሎ አልተንጠለጠለም፤ በየቦታው እጥፍ እጥፍ ብሏል። ቅጠሉ ግን እንዳለ ነው፤ አብሮት የተጠማጠመው ማገጥ እንኳ ከነቅጠሉ አለ። ይህንን ነበር የሚያየው። ይኼው ነው።

«ዋሲላ! ወደ ፊት ይዩ!» ብላ ጮኸች።

ቀሪውን ሜዳ በተከታዮቹ ቀናት አጨድን። ደመናው አንድ ቀን አካፍቶ አለፈ፤ ሣሩ ደርቆ ነበር፤ ክምር ውስጥ ገባ። ጨለለቂ ሄጄ ለኢተፋ ሚስት የሳሙናውን ነገር ስነግራት፣ ያገባው እሷን ስለሆነ ያኔ ሊያያት ነው የተባለችው ልጃገረድ የትኛዋ ናት ብላ አፋጠጠችኝ። ወደ ባኮ ስመለስ ሚኒባሱ በሜዳው ዳር አለፈ። ሣሩ ስለተነሣ መስመሮቹ ይታያሉ። ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ ዋንዛው ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ መሐል ላይ ወደ ግራ ይጣመምና ተመልሶ ይቃናል። ያየ ሰው ሹፌሩ ጀማሪ ነበር ይላል። አልተሳሳተም፤ ወደ ኋላ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።